ለቤት ቢጫ፣ ለሥራ ጥቁር

ደብሪቱ ጠዋት ጠዋት ሀዋሳ መሃል ከተማ ያለው የሴቶች ፀጉር ቤቷ ስትደርስ መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ ወለሉን መጥረግ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ካስኩን መሰካት አይደለም። ከመጋረጃው ጀርባ ገብታ ቢጫ ቀሚሷን ታወልቅና ጥቁሩን ትለብሳለች። ማታ ስትዘጋ ደግሞ ጥቁሩን አጥፋ ፎጣዎቹ ሥር ትከተውና ቢጫውን ለብሳ ባጃጅ ትሳፈራለች። ረዳቷ ህሊና መጀመሪያ ሰሞን ይህን ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ እያዞረች ታለቅስ ነበር፤ በኋላ ለመደችው። ሰው የማይለምደው ነገር የለም። ሥራ ቦታ ባሏ የሞተባት፣ ቤቷ ስትገባ ባሏ ያልሞተባት ሴት ማየትም ይለመዳል።

ባሏ ክብሩ የአይሱዙ ሹፌር ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኖ ሞያሌ የሚመላለስ፣ ሲስቅ ጎረቤት የሚሰማ፣ ቤት ሲገባ ገና ከበር “እዚህ ቤት ውስጥ ዘመድ አለኝ ወይ?” እያለ የሚጮህ ሰው። አምና ሐምሌ ማለቂያ ላይ ዝናብ ባራሰው መንገድ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ልጃቸው ሳያት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። አስከሬኑ ሀዋሳ ሳይደርስ ልጅቷ ሻሸመኔ አጎቷ ቤት ተላከች፤ ተለቅሶ፣ ተቀብሮ፣ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ነው የተመለሰችው።

ይህን የወሰኑት የሻሸመኔው አጎቷ፣ የክብሩ ታላቅ ወንድም ጋሼ ፍቃዱ ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ወንድማቸውን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ ሲቀበርም ከጉድጓዱ አፋፍ በሰው ጉልበት ነው የተነሱት። ግን ትልቅ ሰው ሲባሉ ነገር መቁረጥ አለባቸውና ለቅሶው ላይ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው፣ “ልጅ ሐዘን አይችልም። ልቧ ተሰብሮ ዕድሜ ልኳን ትታመምብናለች። ትንሽ ከፍ ትበልና በወጉ ይነገራታል፤ እስከዚያ ክብሩ ጁባ ሄዷል ይባል” አሉ። ጁባ የሚሠሩ ሹፌሮች ብዙ ናቸው፤ ስልኩም እንደ ልብ አይገኝም፤ ለውሸት የተመቸ አገር ነው። ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። በዚያ ሳምንት ለሁሉም ነገር ራሷን ትነቀንቅ ነበር፤ ብዪ ሲሏትም፣ ተኚ ሲሏትም፣ የሬሳ ሳጥን ቀለም ሲጠይቋትም።

መርዶ በመደበቅ እኛን ማን ይችለናል! እነደብሪቱ የሚከራዩበት ግቢ በሙሉ ተማከረ። ልጅቷ ስትመጣ ማንም ነጠላውን እንዳያዘቀዝቅ፣ ማንም “ነፍስ ይማር” እንዳይል። ገበያ ቡላና ቆጮ የሚሸጡት፣ ሳያትን ከትምህርት ቤት መልስ የሚጠብቁት የሲዳማዋ ጎረቤት እትዬ ብዙነሽ ብቻ “ይሄ ነገር ልክ ነው?” ብለው ነበር፤ የሰማቸው የለም። ደብሪቱም ቢጫውን ቀሚስ ለብሳ በር ላይ ቆመች። ፈገግ ብላ “የኔ ቆንጆ፣ አባቢ እኮ ጁባ ሄደ! ስንት ነገር ይዞልሽ ይመጣል መሰለሽ” አለቻት። ሳያት እናቷን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። ፊቷን አየች፣ ቀሚሷን አየች። ከዚያ “እሺ” ብላ ቦርሳዋን ይዛ ገባች።

ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ አላለቀሰችም። ቤት እንዳታለቅስ ልጅ አለች። ፀጉር ቤት እንዳታለቅስ ደንበኛ አለ፤ ሙሽራ እያስጌጡ እንባ ማንጠባጠብ ደግሞ ገድ የለውም። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ግን ልቧን የት እንዳኖረችው ራሱ ጠፍቷታል። ምግብ አይጣፍጣትም፣ አይመራትምም። የጋለው የፀጉር መተኮሻ ፒያስትራ ጣቷን ሲነካት ሕመሙ የሚሰማት ቆይቶ ነው። ደንበኞቿ “ጎበዝ፣ በርትተሻል” ይሏታል። ጎበዝ አልነበረችም፤ ደንዝዛ ነበር።

ለሳያት በዕቃ በኩል የጎደለባት የለም። ዩኒፎርሟ ይታጠባል፣ ምሳ ዕቃዋ ይሞላል፣ ጫማዋ ሳይጠባት ይቀየራል። የጎደለው የእሁድ ከሰዓቱ ነገር ነው። ክብሩ ሳይሞት በፊት ሳያት እሁድ እሁድ እናቷ ጉልበት መሃል መሬት ላይ ቁጭ ትልና ሹሩባ ትሠራለች። ያኔ ነበር ወሬው ሁሉ የሚወጣው፤ ማን ማንን እንደመታ፣ የትኛዋ መምህር እንደምትቆጣ፣ የየትኛዋ ጓደኛዋ ጥርስ እንደወለቀ። ክብሩ ከመንገድ ከገባ ፊት ለፊታቸው ፍራሽ ላይ ተጋድሞ “ይቺ መስመር ጠመመች፣ አፍርሺና ድገሚ” እያለ እናትየውን ይተነኩሳታል። ከሻሸመኔ በተመለሰች በመጀመሪያው እሁድ ደብሪቱ ማበጠሪያውን ይዛ ስትቀመጥ ሳያት አልመጣችም። “ህሊና ትሥራኝ” አለች። ከዚያ በኋላ ህሊና እሁድ እሁድ ቤት ድረስ እየመጣች እንደ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጣ ነው የምትሠራት። ደብሪቱ ነገሩ ቅር ሊያሰኛት እንደሚገባ ገብቷታል፤ ቅር የሚልበት ቦታ ግን አልነበራትም።

ልጅቷ ሌላም ጠባይ አመጣች። የእናቷ ስልክ ሲጠራ ከየትም ሮጣ ትመጣና ቀድማ አንስታ “ማነው? ምን ልበልላት?” ትላለች። ቴሌቪዥን ዜና ሲጀምር ታጠፋዋለች። እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ገትራ ታቆመውና እናቷ ቤት እያለች “የለችም” ትላለች። ግድግዳው ላይ የነበረውን የሠርግ ፎቶ አንድ ቀን አውርዳ ከፍራሽ ሥር ደበቀችው። ደብሪቱ ስታገኘው “ትቶን ሄደ ብላ አባቷን ተቀይማለች” አለችና መልሳ ሰቀለችው፤ በማግሥቱ ፎቶው እንደገና ፍራሽ ሥር ነበር። ይህን ሁሉ እያደረገች እናቷን ዓይን ለዓይን አታያትም። ጠዋት ብቻ ከመውጣቷ በፊት ቆም ብላ የእናቷን ቀሚስ ታይና “እማ፣ ደህና ነሽ?” ትላታለች። “ደህና ነኝ” ስትላት ትንፋሿን ለቅቃ ትሄዳለች።

በሰኔ አንድ ጠዋት የግቢው ነዋሪ ለሆነው ለመምህር ከበደ የእናቱ መርዶ መጣ። እናትየው ጎንደር ከሞቱ ሁለት ቀን ሆኗቸዋል፤ ከሱ በቀር ሁሉም ሰምቷል። ገና ጎህ ሲቀድ ሰው ውኃ በጆግ ይዞ በሩ ላይ ተሰበሰበ፣ አንኳኳ፣ ወዲያው ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ሳያት በመስኮት እያየች እናቷን ትጠይቃለች።

“ጋሽ ከበደ ትናንት ይስቅ ነበር እኮ።”

“አልሰማማ።”

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

“ሁላችንም እናውቅ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ዝም ብላችሁ አልነገራችሁትም?”

“መርዶ እንደዋዛ አይነገርም፤ ሰው ይደነግጣል። ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በጠዋት፣ ትልቅ ሰው ባለበት ነው የሚነገረው።”

“ቢወድቅስ?”

“አጠገቡ ያለ ሰው ይይዘዋላ።”

“ውኃውስ ለምንድን ነው?”

“ፊቱን ሊያጥቡት ነው። አሁን ቁርስሽን ብዪ።”

ሳያት አልበላችም። ዓይኗን ከመስኮቱ ሳትነቅል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች፤ የፈተና ትምህርት የምታጠና ነበር የምትመስለው።

ሐምሌ ሲገባ ደብሪቱ እንደ ምንም ራሷን አበርትታ ልጇን አሞራ ገደል ዓሳ ልታበላ ወሰደቻት። ክብሩ የሚወስዳቸው እዚያ ነበር። ሐይቁ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጠው የተጠበሰ ዓሳ በዳጣ ቀረበላቸው። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች ጡረታ እንደወጣ ዳኛ አንገታቸውን ቀብረው የሚጣል አንጀት ይጠብቃሉ። ደብሪቱ የዓሳውን አጥንት እየለቀመች ለልጇ ትሰጣለች፤ ልጅቷ ትበላለች፤ ወሬ የለም። “አባቢ ሲመጣ ሦስታችንም እንመጣለን” አለች ደብሪቱ፣ የሆነ ነገር መባል አለበት ብላ። ሳያት ጉርሻዋን ሳትውጥ ወደ ውኃው ዞረች።

ያኔ ነው ዓሣ አጥማጁ ሞገስ ከሩቅ ያያቸው። ሞገስ የክብሩ ባልንጀራ ነው፤ በሐዘኑ ጊዜ ዝዋይ ስለነበር ለቅሶ ሳይደርስ ቀርቷል። መረቡን ጣል አድርጎ፣ ቆቡን አውልቆ፣ ፊቱን አክብዶ ወደነሱ መጣ። ሳያት ብድግ አለች። ሮጣ መንገድ ላይ አስቆመችው፣ ሸሚዙን ጎትታ ጎንበስ አደረገችውና ጆሮው ላይ አንድ ነገር ተናገረች። ሰውየው ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጧል። ደብሪቱን አያት፣ ልጅቷን አያት፣ ቆቡን ደፍቶ ወደ መረቡ ተመለሰ።

“ምን አልሽው?” አለች ደብሪቱ።

“ምንም።”

“ሰው ሊጨብጠን ሲመጣ ታባርሪያለሽ? ማን ነው እንዲህ ያለ ነውር ያስተማረሽ? አባትሽ ጓደኛውን እንዲህ ስታደርጊ ቢያይሽ ምን ይል ነበር?”

ሳያት ወደ መንገዱ ቀደመች። ባጃጅ ውስጥ ጥግና ጥግ ተቀምጠው ቤታቸው ገቡ።

የሙት ዓመቱ ልጅቷ ሳታውቅ በቤተ ክርስቲያን ተደርጎ ካለፈ በኋላ ጋሼ ፍቃዱ ደወሉ። ያን ዕለት ስልኩ ደብሪቱ እጅ ነበር። “ልጅቷን ለመስከረም ወደኛ ላምጣት” አሉ። “እኔ ጋ ልጄ ናሆም አለላት፣ አብረው ይማራሉ። አንቺም እኮ ነግረሽኛል፤ ከሻሸመኔ ከተመለሰች ወዲህ ልቧ ካንቺ ጋር አይደለም። ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ።” ደብሪቱ የቲማቲም ዋጋ እንደነገሯት ሁሉ “እሺ” አለች።

ስልኩን ከዘጋች በኋላ ደንበኛዋን ወንበር ላይ ትታ ከመጋረጃው ጀርባ ገባች። ልጇን ሊወስዱባት ነው። ይህን ሦስት አራት ጊዜ ለራሷ ደጋገመችው፤ ውስጧ አንድም ነገር ንቅንቅ አላለም። ያስፈራት ይኼ ነው። “አትሂጂብኝ” ለማለት እንኳ አትሂጂብኝ የሚል ሆድ ያስፈልጋል፤ እሷ ያንን አጥታለች። ሳያት ከዚህ ቤት ከወጣች እንደማትመለስም ታውቀዋለች፤ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ የሞቀ ቤት ካገኘ ወደ ቀዘቀዘው አይመለስም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው፤ የልጇ ልብ እንዳይሰበር ስትጠብቅ ልጇን አጣቻት።

ዓርብ ማታ ደብሪቱ የልጇን ልብስ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነገረቻት። “ነገ ጋሼ ፍቃዱ ይመጣሉ። ሻሸመኔ ነው የምትማሪው።”

“አንቺስ?”

“እኔ ሥራ አለኝ።”

“ብቻሽን ልትሆኚ?”

“ብቻዬን።”

የሳያት ፊት አመድ መሰለ። “እትዬ ብዙነሽ ጋ ደርሼ ልምጣ” ብላ በባዶ እግሯ ወጣች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ ደብሪቱ የሄደችበትን አልጠየቀችም፣ የስንብት ለቅሶ ነው ብላ ተወችው።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

ደብሪቱ ቢጫ ቀሚሷን አጥልቃ ከፈተች። ደጃፉ ላይ እትዬ ብዙነሽ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ከጀርባቸው መምህር ከበደ አንገቱን ደፍቷል። ህሊና አለች፤ ገና ሳትናገር ታለቅሳለች። ሞገስ ሳይቀር ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ አለ። ማንም እንዴት አደርሽ አላለም። ደብሪቱ ይህን አቋቋም ታውቀዋለች፤ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል። ማን? እናቷም አባቷም ካረፉ ቆይተዋል። ወንድም የላትም። ማን ቀራት? ዘወር ብላ አልጋውን አየች። ብርድ ልብሱ ተገልጧል፤ ሳያት የለችም።

“ልጄ!” ብላ ጮኸች። ጩኸቱ ከየት እንደመጣ አላወቀችም፤ ዓመት ሙሉ የት ነበር? “ልጄ! ልጄን ምን አደረጋችኋት? ሳያት! ሳያትዬ!” ክብሩን ሲቀብሩት ያልመጣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረቷ ላይ ወጣ። በሩን ይዛ ወደ መሬት ስትንሸራተት አንድ ትንሽ እጅ ብብቷ ሥር ገብቶ ደገፋት።

“እማ፣ አለሁ። እማ፣ ቁጭ በይ።”

ሳያት ናት። ከእትዬ ብዙነሽ ቀሚስ ጀርባ ነው የወጣችው። በአንድ እጇ ውኃ የሞላ ጆግ ይዛለች፤ ራሷ ላይ የእትዬ ብዙነሽ ጥቁር ሻሽ ታስሯል፤ ስለሰፋት ግንባሯ ላይ ወርዷል። ጆጉን በጥንቃቄ መሬት አስቀምጣ እናቷ ፊት ተንበረከከች። ዓመት ሙሉ ያላየቻትን ያህል ዓይኗን አተኩራ አየቻት።

“እማ፣ እንዳትደነግጪ እሺ? አባቢ ጁባ አይደለም። አባቢ ሞቷል። አምና ነው የሞተው። ናሆም ሻሸመኔ ነግሮኛል። ሁሉም ሰው ያውቃል፤ አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው። ቢጫ ለብሰሽ ስትስቂ አየሁሽና እንዳትወድቂብኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሰው በስልክ እንዳይነግርሽ፣ ጋሽ ሞገስ እንዳይነግርሽ እከለክል ነበር። ፀጉሬን ስትሠሪኝ ደግሞ ያመልጠኛል ብዬ ፈራሁ። አሁን ግን ልሄድ ነው። እኔ ከሄድኩ ማን ይነግርሻል? ስትወድቂስ ማን ይይዝሻል?”

እትዬ ብዙነሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘዋል። “ማታ መጥታ፣ ለእማ መርዶ አርዱልኝ አለችኝ” አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። “እናትሽ ታውቃለች ልላት አፌን ከፈትኩ፤ እምቢ አለኝ። ሸክሙን ይዛ የመጣችው ላንቺ ነው፤ አንቺው ተቀበያት ብዬ ነው የመጣሁት።”

ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል ስድብ ነው። ያን ጠዋት ግን እዚያ ደጃፍ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ አዋቂነቱን አፍሮበት ነበር።

ደብሪቱ ልጇን ጨምቃ ያዘቻት። አለቀሰች። ድምፅ አውጥታ፣ አፍንጫዋን ሳትጠርግ፣ ስሙን እየጠራች አለቀሰች። ሳያትም አለቀሰች፤ እሷም ቤቷ ውስጥ ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው። ቆይቶ ለቅሶው በረድ ሲል ደብሪቱ የልጇን ፊት በጆጉ ውኃ አጠበችና “ሳያት፣ አውቅ ነበር” አለቻት። “ከመጀመሪያው አውቅ ነበር።”

ልጅቷ ሻሹን ከዓይኗ ላይ ገፋ አደረገች። “ታውቂ ነበር?”

“አዎ። እንዳትወድቂብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ።”

“እኔ ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብቼ ነበር የማለቅሰው። አንቺስ የት ነበር?”

“የትም” አለች ደብሪቱ። “የትም አላለቀስኩም።”

“አይ እማ” አለች ልጅቷ፣ ጉንጯን እየዳበሰቻት። “ዓመት ሙሉ?”

ህሊና ፀጉር ቤት ሄዳ ጥቁሩን ቀሚስ ከፎጣዎቹ ሥር አምጥታ ሰጠቻት። ደብሪቱ ቤቷ ውስጥ፣ ልጇ ፊት ለበሰችው። ሳያት የሠርጉን ፎቶ ከፍራሽ ሥር አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችውና ግድግዳው ላይ እንዲሰቅል ለመምህር ከበደ ሰጠችው። ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ፤ እትዬ ብዙነሽ ንፍሮ ጣዱ።

ረፋድ ላይ ጋሼ ፍቃዱ መኪናቸውን ውጭ አቁመው ሻንጣ ሊጭኑ ሲገቡ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ደብሪቱ ጥቁር ለብሳ፣ ዓይኗ ቀልቶ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሳያት ጉልበቷ መሃል ገብታ ህሊና የሠራችው ሹሩባ እየተፈታላት ነው፤ ግማሽ ራሷ ተፈቷል፣ ግማሹ ይቀራል። እያወራች ነው፤ አባቢ አንድ ቀን ጎማ ሲቀይር ምን እንዳላት።

ጋሼ ፍቃዱ ደንግጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ። “ምንድን ነው? ማን ሞተ?”

ደብሪቱ ማበጠሪያውን ልጇ ፀጉር ውስጥ እንደሰካች ቀና አለች።

“ክብሩ ነዋ፣ ጋሼ” አለች። “መርዶው ዛሬ ደረሰን። ይቀመጡ።”